የኖኪያ ኢ71 ቁልፎችና የእኛ ፊደል

ከ2001 ዓ.ም. አጋማሽ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ በዘጋቢነት ስሠራ ከጻፍኳቸው ዜናዎች አብዛኞቹ መጀመሪያ የሰፈሩት በወረቀት ላይ ሳይሆን በአንድ ኖኪያ ኢ71 ስልክ ላይ ነው። ስልኩ ዛሬም በእጄ አለ፤ ባትሪው ተቀይሮለት ይሠራል። በቅርቡ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ በተች ስክሪን መጻፍ እንደሰለቸው ነገረኝና «እንደ ድሮዎቹ ባለ ኪቦርድ ስማርትፎን አንድ ያገለገለ ፈልጌ ብገዛ ምን ይመስልዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። ቆሜ የምመልሰው ጥያቄ አልሆነልኝም። ስልኩን ከማንኛውም መሣሪያ አብልጬ ወድጄው ነበር፤ የተውኩት ደግሞ አርጅቶ ወይም ተበላሽቶ ሳይሆን ሊሰጠኝ በማይችለው አንድ ነገር ምክንያት ነው። ሁለቱን በአንድነት ለማስረዳት ይህን ያህል መጻፍ አስፈለገኝ።

ኢ71ን የፊንላንዱ ኖኪያ ይፋ ያደረገው በሰኔ 2000 ዓ.ም. ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 127 ግራም ብቻ ሲሆን ጀርባው ከማይዝግ ብረት የተሠራ በመሆኑ ጠዋት ከጠረጴዛ ላይ ሲያነሡት ይቀዘቅዛል፤ ኪስ ውስጥ ሲቆይ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ይይዛል። ስክሪኑ 2.36 ኢንች ሲሆን ወደ ጎን ሰፋ ያለ ነው። ከሥሩ ያለው ቦታ በሙሉ ለኪቦርዱ የተሰጠ ነው። የሚሠራበት ሲምቢያን የተባለው ሥርዓት በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በብዛት የተሰራጨው የስማርትፎን ሥርዓት ነበር፤ ዋይፋይ፣ ጂፒኤስ፣ ኤፍኤም ሬዲዮ፣ ኢሜይልና የቢሮ ሰነድ መክፈቻ ሁሉ በአንድ ላይ ነበሩት። ያኔ ለእኔ ይህ ማለት የቢሮ ጠረጴዛዬን በኪሴ ይዤ መዞር ማለት ነበር።

ስለ ኪቦርዱ ግን ረጋ ብዬ ልናገር። ቁልፎቹ ከጣት ጫፍ ያነሱ ናቸው፤ ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው በእነዚህ ላይ መጻፍ አይቻልም ይላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁልፍ መሐሉ እንደ ምስር ፍሬ ጎበጥ ያለ ስለሆነ አውራ ጣት የአንዱን ጉብታ ከጎረቤቱ ለይቶ ያውቀዋል፤ ሲጫኑት ትንሽ ይቋቋምና ቀጭ ብሎ ይወርዳል፤ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም ብሎ ዓይንን ወደ ስክሪኑ መላክ አያስፈልግም። ሁለት ሳምንት ካልሞላ ጊዜ በኋላ ቁልፎቹን ሳላይ መጻፍ ጀመርኩ። ልደታ ከሚገኘው ፍርድ ቤት ወጥቼ ግቢው ውስጥ ጠበቃ እያነጋገርኩ፣ ዓይኔን ከሰውየው ፊት ሳልነቅል፣ የሚለውን ነገር አሳጥሬ እጽፍ ነበር። ይህ ለተነጋጋሪ ያለው ክብር ትልቅ ነው፤ ሰው ሲያናግርህ አንገትህን ደፍተህ ስልክ ላይ ስታፈጥ የሚሰማው ነገር ጥሩ አይደለም። ዛሬ በምይዘው ስልክ ይህንን ማድረግ አልችልም፤ ለስላሳው መስታወት ለጣት የሚነግረው ነገር ስለሌለው ዓይን የግድ ጣትን መከተል አለበት።

ከኪቦርዱ ጋር የተያያዙ ትናንሽ ብልኃቶችም ነበሩት። የመሰላል ምልክቷን (#) ቁልፍ ተጭኖ ጥቂት መቆየት ስልኩን ድምፅ አልባ ያደርገዋል፤ ችሎት ሲገባ ኪስ ውስጥ እንዳለ በዳበሳ የሚሠራ ነገር ነው። በቃላት መሐል ክፍት ቦታ የሚሰጠውን ረጅሙን ቁልፍ ተጭኖ መቆየት ደግሞ የካሜራውን መብራት እንደ ባትሪ መብራት ያበራዋል። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ በሆነበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የኖረ ሰው የዚህን ጥቅም ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም። ማታ ደረጃው ላይ ስደርስ መብራቱ ድርግም ሲል አውራ ጣቴ ራሱ ያንን ረጅም ቁልፍ ያገኘው ነበር፤ ስክሪን መክፈት የለም፣ ምስል መፈለግ የለም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ እትዬም የእኔን ብርሃን ደረጃው ላይ ሲያዩ በራቸውን ከፍተው «ልጄ፣ እስክገባ ትንሽ አቆይልኝ» ይሉኝ ነበር።

ባትሪው 1500 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ፣ ከጀርባው ተነቅሎ በሌላ የሚተካ ነው። ቀኑን ሙሉ ስጽፍበትና ስደውልበት ውዬ በማግስቱም አይጠፋም ነበር። ሁለተኛ ባትሪ በቦርሳዬ ይዤ ክፍለ ሀገር ስወጣ ስለ ቻርጀር ሳላስብ አራት ቀን መቆየት ችያለሁ። ይህንን ያህል ኃይል በዚያ ቅጥነት ውስጥ ማስቀመጥ የቻሉት መሐንዲሶች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ትንሹ ስክሪንና 369 ሜጋኸርዙ ፕሮሰሰር ብዙ ኃይል የማይጠይቁ መሆናቸውም አግዟቸዋል።

ጉድለቶቹ ብዙዎቹ የሚታለፉ ናቸው። የኢርፎኑ ቀዳዳ 2.5 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በየሱቁ የሚሸጠው ኢርፎን አይገባበትም፤ መሸጋገሪያ መግዛት ያስፈልጋል። የዩኤስቢ መሰኪያ ቢኖረውም በእሱ በኩል ቻርጅ አይደረግም፤ የራሱ ቀጭን ቻርጀር የግድ ነው። ካሜራው 3.2 ሜጋፒክስል ሲሆን ምስሉን ለማጥራት ከኪቦርዱ ላይ የላቲኗን «ቲ» (T) ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ ይህንን ያልተነገረው ሰው የደበዘዘ ፎቶ እያነሣ ስልኩን ይወቅሳል። ከኢንተርኔት የወረደ ፕሮግራም ሲጫን ደግሞ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ አልፎበታል እያለ ይመልሰዋል። ያኔ የስልኩን ቀን ወደ ኋላ መልሶ መጫን፣ ከዚያም ቀኑን ማስተካከል የሁላችንም ልማድ ነበር። ትንሹ ስክሪንም ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ አይመችም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ያንን ኪቦርድ እንድተወው አያደርገኝም ነበር።

ስልኩ ፊደላችንን አያውቅም ነበር። የተውኩትም በዚህ ነው።

ከምርጫ 97 በኋላ በአገራችን ተቋርጦ የነበረው የአጭር መልእክት አገልግሎት የተመለሰው ሚሊኒየሙ በተከበረበት ሰሞን ነው። ሁለት ዓመት ገደማ በቴክስት ሳንጻጻፍ ስለቆየን፣ አገልግሎቱ ሲመለስ ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ነበር መልእክት መላላክ የጀመረው። የምንጽፈው ግን አማርኛን በላቲን ፊደል ነበር። ኢ71 ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ቢላክ ወይም የአማርኛ ድረ ገጽ ቢከፈት የሚታየው የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ነው። በፊደል መላክ የሚችል ስልክ ያለው ሰው ቢገኝ እንኳ ሌላ ችግር ነበረው፦ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ፣ በእኛ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ምክንያቱም ለላቲን ፊደል የሚበቃው አጭር ኮድ የእኛን ስለማያካትት ለእያንዳንዱ ሆሄ ሁለት ባይት መውሰድ ግድ ይሆናል። አንድ ሆሄያችን ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ላይ ስለሚይዝ ቃላችን አጭር ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ቁጥሩ እንደሚመስለው አይሰፋም። እንደዚያም ሆኖ ረዘም ያለ ሰላምታ በእጥፍ ያስከፍል ነበር።

በላቲን ፊደል መጻፍ ምን ያህል እንደሚያጎድል የገባኝ በሥራ ላይ ነው። ላቲን የእኛን «ጠ» ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጨ»ን ከ«ቸ» የሚለይበት የታወቀ ሆሄ የለውም። ስለዚህ «መጣ» እና «መታ» አንድ ሆነው ይጻፋሉ፤ «ከሰሰ» እና «ቀሰሰ»፣ «ጠፋ» እና «ተፋ» እንዲሁ። በወዳጅ ደብዳቤ ውስጥ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል። አንድ ጊዜ ግን የድብደባ ወንጀል ችሎት ተከታትዬ ስወጣ የአንድ ምስክር ቃል በስልኬ ላይ ጻፍኩ። ለሳምንቱ እትም ዜናውን ላዘጋጅ ስቀመጥ ማስታወሻዬን ብመለከት፣ ምስክሩ ስለ ተከሳሹ የተናገረው ማታ መጣ የሚል ይሁን ማታ መታ የሚል ከጽሑፉ መለየት አልቻልኩም። አንደኛው ሰውየው በቦታው ነበር ይላል፤ ሌላኛው ወንጀሉን ፈጽሟል ይላል። ትዝታዬ ወደ አንደኛው ያደላ ነበር፤ በሰው ላይ የሚወጣ ዜና ግን በማድላት አይጻፍም። ያንን ዓረፍተ ነገር አወጣሁት፣ ዜናውም ያለ ምስክሩ ቃል ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምስክር ቃል በደብተር፣ በፊደል መጻፍ ጀመርኩ። ስልኩን ለጠበቆች አስተያየት፣ ለቀጠሮና ለስም ዝርዝር ብቻ አስቀረሁት።

ከባልደረቦቼ ጋር መፍትሔ ሞክረን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኢንተርኔት ይጻጻፉ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ጠን በትልቁ ቲ፣ ተን በትንሹ፣ ቀን በኪው፣ ከን በኬ የመጻፍ ደንብ አበጅተው ነበር። እኛም ይህንኑ ተቀብለን ለጥቂት ጊዜ ጻፍን። ኢ71 ላይ ትልቁን ሆሄ ለማግኘት ተጨማሪ ቁልፍ መጫን ስለሚያስፈልግ ፍጥነቱ ቀነሰ፤ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ስልኩ ራሱ በትልቅ ሆሄ ስለሚጽፈው ደግሞ ተራ የሚለውን ቃል ጠራ አስመሰለው። ለራስ ማስታወሻ እንኳ የማያስተማምን ደንብ ለሰው የሚላክ አልነበረም።

ከሥራው በላይ የከበደኝ የእናቴ ነገር ነው። እማዬ ደብረ ማርቆስ ነው የምትኖረው። ማንበብና መጻፍ የተማረችው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ ነው። ፊደልን አጥርታ ታነባለች፤ መዝሙረ ዳዊትን ጠዋት ጠዋት ትደግማለች፤ የላቲን ፊደል ግን አታውቅም። እኔ በቀን ውስጥ ለጠበቃው፣ ለአዘጋጁ፣ ለጓደኛው ሁሉ በዚያ ድንቅ ኪቦርድ ስጽፍ እየዋልኩ ለእሷ አንድ ቃል መጻፍ አልችልም ነበር። አንድ የበዓል ዋዜማ የእንኳን አደረሰሽ መልእክት ልኬላት በማግስቱ ስደውል፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ የፈረንጅ ፊደል ምን ይላል? የጎረቤቱ ልጅ እስኪመጣ ስልኩን እንደያዝሁ አመሸሁ» አለችኝ። የእሷም ትንሽ ስልክ ፊደል አያውቅም ነበርና ጥፋቱ የኢ71 ብቻ አልነበረም። ሆኖም ከፍ ያለ ዋጋ የተከፈለበት፣ ሰነድ የሚከፍት፣ ከሳተላይት አቅጣጫ የሚቀበል ስልክ፣ በመሠረተ ትምህርት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን ሀ ሁ መጻፍ አለመቻሉን ያኔም ሆነ ዛሬ እንደ ቀላል ጉድለት ልቆጥረው አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በትክክል መለየት ያስፈልጋል፤ የባልደረባዬም ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ነው። የአፕል ኩባንያ መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አይፎንን ሲያስተዋውቅ፣ በዘመኑ የነበሩ አራት ባለ ኪቦርድ ስልኮችን በስክሪን አሳይቶ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ የኢ71 ታላቅ ወንድም የሆነው ኖኪያ ኢ62 ነው። የተከራከረበት ነጥብ ቁልፎቹ ቢፈለጉም ባይፈለጉም በፕላስቲክ ተቀርጸው የሚቀመጡ፣ ከተሠሩ በኋላም ሊለወጡ የማይችሉ መሆናቸው ነው። ስለ ግዕዝ ፊደል እያሰበ አልነበረም፤ ክርክሩ ግን ከማንም በላይ ለእኛ ይሠራል ብዬ ለዓመታት አምን ነበር። መስታወት ዛሬ ላቲን፣ ነገ ዐረብኛ፣ ከነገ ወዲያ አማርኛ ይሆናል፤ የተቀረጸ ቁልፍ ግን የተቀረጸበትን ብቻ ይናገራል።

አሁን ይህንን ግማሽ እውነት ነው እላለሁ። በኮምፒውተር አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ላቲን በታተመበት ኪቦርድ ላይ ነው የምንጽፈው፤ የ«ለ»ን ተነባቢ መትቶ አናባቢውን ማስከተል ሉ፣ ሊ፣ ላ ይሰጣል፤ ጠን ከተ የሚለየውም አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ነው። 26 ቁልፍ ከ200 በላይ ለሆነው ፊደላችን ይበቃል። ኢ71 ላይ ይህን ማድረግ ያልተቻለው ከሥሩ ያለው ሶፍትዌር የአማርኛ ፎንትም ሆነ የአማርኛ አጻጻፍ ስላልተሰጠው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስልኩ ሲሠራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። መንገዱ ተጠርጎ ነበር፤ የሄደበት ግን አልነበረም። ስለዚህ ቁልፎቹን ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ማንበብን በተመለከተ ጭላንጭል ነበረ። ኦፔራ ሚኒ በሚባለው የድረ ገጽ መክፈቻ ውስጥ አንድ የተደበቀ የቅንብር ገጽ ነበር፤ እዚያ ገብቶ ውስብስብ ፊደሎችን በምስል አሳይ የሚለውን ማብራት ይቻላል። ያን ጊዜ ፊደሉን የሚያዘጋጀው ስልኩ ሳይሆን ገጹን ጨምቆ የሚልከው የኦፔራ ሰርቨር ነው፤ ሆሄያቱ በትናንሽ ሥዕል ተለውጠው ይመጣሉ። ገጹ ይከብዳል፣ ገንዘብም ይበላል፤ ቢሆንም በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ የአማርኛ ዜና ያነበብኩበት ማታ ትዝ ይለኛል። መልሶ መጻፍ ግን አልተቻለም። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 የማይክሮሶፍት ሥርዓት ወደሆነው ዊንዶውስ ፎን እንደሚዞር ሲያስታውቅ ሲምቢያን ፊደላችንን ይማር ይሆናል የሚለው ተስፋዬ አበቃ። በ2005 ዓ.ም. አማርኛ የሚጻፍበት ባለ ተች ስክሪን ስልክ ገዛሁ። የመጀመሪያውን መልእክት ለእህቴ በፊደል ስጽፍ ጣቶቼ በየሦስት ሆሄው ይሳሳቱ ነበር፤ አንዷን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የፈጀብኝ ጊዜ ኢ71 ላይ ሙሉ ዜና የምጽፍበት ነው። ግን ጠ ጠ ሆኖ፣ ቀ ቀ ሆኖ ሄደ።

ለባልደረባዬ የምመክረው እንግዲህ ይህ ነው። ስልኩ ዛሬም ይደውላል፣ ቴክስትም ይልካል፤ ሲም ካርዱ ትልቁ መጠን ስለሆነ ከትንሹ ሲም ማቀፊያ ጋር መግዛት ያስፈልጋል። ዋትስአፕ በሲምቢያን ላይ መሥራቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በጁን 2017 መጨረሻ ነው። አብዛኞቹ የዛሬ ድረ ገጾችም የሚጠይቁትን አዲስ የደህንነት ምስጠራ ስልኩ ስለማያውቅ አይከፈቱለትም። የሚጽፈው ነገር በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ደግሞም ከኢንተርኔት ርቆ ሐሳቡን ሰብስቦ የሚጽፍበት መሣሪያ ከፈለገ፣ እንደ ኢ71 ያለ ኪቦርድ ዛሬ በኪስ ስልክ ላይ በቀላሉ አያገኝምና ይግዛ። በአማርኛ የሚጽፍ ከሆነ ግን አይግዛ፤ ይልቅ አማርኛ ከሚያውቅ ስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ ኪቦርድ ይፈልግ። እኔ ያንን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ምቾቱ ኢ71ን አያክልም፣ ነገር ግን ፊደሉ ይወጣል።

ይህንን ልጽፍ ስነሣ ስልኩን እንደገና ልፈትነው ብዬ ለሦስት ቀን ሲሜን ከተትኩበት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከእማዬ ቴክስት ገባ። አሁን እሷም እህቴ የገዛችላት ባለ ተች ስክሪን ስልክ አላት፤ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ በፊደል ትጽፋለች። ኢ71 ላይ የታየኝ ሦስት ሳጥን፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሳጥን፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሳጥን ነው። ከደወልኩላት ምን እንዳለች ትነግረኛለች፤ እኔ ግን የጻፈችውን ማየት ፈለግሁ። በመልእክት ቅንብሩ ውስጥ የሆሄ አላላኩን ሙሉ በሚለው ላይ አድርጌ ያንን ቴክስት ወደ ሌላው ስልኬ ቁጥር አስተላለፍኩት። ኢ71 ማሳየት የማይችለውን ሆሄ የኮድ ቁጥሩን ሳይነካ ያስተላልፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላው ስልክ ጮኸ፣ መስታወቱም ላይ «ደህና ነህ ልጄ» የሚል ወጣ።